ቁም ሣጥን ውስጥ የተመረጠ መንግሥት

እኔን ያጠፋኝ ጥያቄ ነው። ሰው ከጠየቀኝ መመለስ አለብኝ፤ ከመለስኩ ማብራራት አለብኝ፤ ካብራራሁ ደግሞ በምሳሌ ማሳየት አለብኝ። አንድ ጊዜ መንገድ የጠየቀኝን ሰው መኪናዬን አቁሜ ስለ አደባባይ ታሪክ ስነግረው አውቶቡሱ አምልጦታል። እግዜር ይስጠው፣ አልሰደበኝም፤ በእግሩ ሄደ።

ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ። በአሥራ አንዱ ዓመት ስለ ፓርላማ ብሎ እጁን ያወጣ ተማሪ አላየሁም። እጅ ከወጣ ሽንት ቤት ለመሄድ ነው። ዛሬ ኩዌት ውስጥ፣ ጃብሪያ በሚባል ሰፈር፣ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነኝ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ አባሲያ እሄድና ሴቶቹ ለዕረፍት ቀናቸው ብለው በጋራ በተከራዩት ክፍል አስተምራለሁ። ሃያ አንድ ተማሪዎች አሉኝ፣ ሁሉም በሰው ቤት የሚሠሩ። ሳምንቱን ሙሉ ማዳም ስትጣራ “አቤት!” ሲሉ ይከርሙና ዓርብ ሲደርስ “ለምን?” እያሉ በእኔ ይወጡታል። ከፊደል ቆጣሪ እስከ አሥረኛ ክፍል ጨራሽ በአንድ ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሰሌዳችን የፍሪጁ በር ነው። ውኃ የጠማት ተማሪ በሩን ስትከፍት ትምህርቱ ሩብ ዙር ይዞራል፤ እኛም አብረነው እንዞራለን።

አንድ ዓርብ አስካለ እጇን አወጣች። አስካለ አርዲያ ነው የምትሠራው። ድምፅዋ ያለ ማይክ አርዲያን ከአባሲያ ያገናኛል።

“ቲቸር፣ ጠቅላይ ሚኒስትርን የምመርጠው እኔ ነኝ ወይስ ማን ነው?”

እናንተ ሆዬ! አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኳት ጥያቄ! ዕንባዬ መጣ። የፍሪጁን በር በሁለት እጄ ጠርጌ ጻፍኩት፦ አገሩ በምርጫ ክልል ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክልል አንድ እንደራሴ ይልካል፣ ከወንበሮቹ ከግማሽ በላይ የያዘ ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ምክር ቤቱ ከራሱ መካከል ይመርጣል።

ከዚያ ሳልሚያ የምትሠራው ወይንሸት፣ ነገር አዋቂዋ፣ አገጯን ይዛ፣

“ስለዚህ እኔ የምመርጠው የሚመርጥልኝን ነው?” አለች።

“አዎ!”

“ሽማግሌ ልኬ ባል እንደማግባት ነው በሉኛ።”

“እንደሱ በይው!”

“እኔ ራሴ አይቼ ነው የማገባው” አለች አስካለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ።

ብልህ ሰው እዚህ ላይ “ለዛሬ ይብቃን” ይላል። እኔ ግን ፍሪጁ ፊት ከፍ ብዬ አወጅኩ፤ አዎ፣ በርጩማ ስላልነበረ ከፍሪጁ ጎን ባለው የሩዝ ጆንያ ላይ ወጥቼ ነው። “በቃል አይገባችሁም! የሚመጣው ዓርብ ምርጫ እናደርጋለን!” ሁለተኛ ምክር ቤትም ላቋቁም ነበር፤ ያለችን ሌላ ክፍል መታጠቢያ ቤቷ ብቻ ስለሆነች ተውኩት።

የምርጫ ክልሎቹን በማዳሞቹ ቤት ከፈልኩ። አርዲያ ዘጠኝ ሴቶች አሉኝ፣ ፋሐሂል አራት፣ ሳልሚያ አራት፣ ጃብሪያ ሦስት፣ ጃህራ አንድ። ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ አንድ ወንበር ሰጠሁ። ዘጠኝ ሴት አንድ ወንበር፣ አንዲት ሴትም አንድ ወንበር! አሥራ አንድ ዓመት ሥነ ዜጋ ያስተማረ ሰው ይህን ሲያደርግ ቅንጣት አላፈረም። ሾፌር ሆኜ ስቀር ትምህርት ሚኒስቴር ሳይተርፍ አልቀረም።

ይህም አንሶ ማልኩ። “የተመረጠው መንግሥት የሚያወጣውን አዋጅ፣ በአባቴ አጥንት፣ ከእኔ ጀምሮ ሁላችንም እንገዛለታለን!” አልኩ። ማንም ማል አላለኝም። አፌ እንዲህ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀኛል።

ሁለት ፓርቲ ተቋቋመ። የአስካለ ምልክቱ ካውያ ሆነ፤ ዓርብ ሙሉውን ቀን ትምህርት፣ በየወሩም ፈተና ይላል። የወይንሸት ማንኪያ ነው፤ ትምህርት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ ፋሐሂል ባሕር ዳር ሄዶ ዓሣ መብላት ይላል። በልቤ ለማን እንዳደላሁ አልነግራችሁም፤ የምርጫ አስፈጻሚ ነኝ። ዓሣ ግን እወዳለሁ።

ችግሩ ጃህራ ነበረች። የጃህራዋ አንዲት ሴት ዘይነባ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ ሁልጊዜ ከፍሪጁ ጎን የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን የሰማንበት ቀን የሚቆጠር። ዘይነባ ከእኔ ዘንድ ፊደል ነው የምትቆጥረው። ለምን እንደጀመረች ልንገራችሁ። አገር ቤት ሀያት የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቱ በስልክ የደብተሯን ፎቶ ትልክላታለች። ዘይነባ ማንበብ ስለማትችል “ጎበዝ!” ብላ በድምፅ ትመልስና ሦስት ቀይ ልብ ትጨምራለች። አንድ ቀን እንደለመደችው “ጎበዝ” ብላ ልቡን የላከችበት ገጽ፣ አስካለ ብታነብላት፣ “ልጅዎ ክፍል ውስጥ ስለምታስቸግር ወላጅ ይቅረብ” የሚል የአስተማሪ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ዓርብ መጥታ “ሀ”ን አስጀምሩኝ አለች። አሁን “ወ” ላይ ደርሳለች። የስሟ መጀመሪያ “ዘ” አንድ ቤት ተሻግሮ ይጠብቃታል።

“ዘይነባ፣ ጃህራን ወክለሽ በግል ትወዳደሪያለሽ” አልኳት።

“እኔ ምን አውቄ፣ ቲቸር?”

“ወንበር ባዶ አይቀመጥም!”

ምልክቷ ባልዲ ሆነ።

የቅስቀሳውን ሳምንት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ስልኬ ሰባት ቀን ሙሉ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ። አስካለ በግሩፑ የምትልከው የድምፅ መልእክት ከኋላው የምንጣፍ ማጽጃ ማሽን ይጮሃል፤ “እህቶቼ! ካውያ ያልነካው ሕይወት ጨማዳ ነው!” ወይንሸት ሰሃን እያንኳኳች ትመልሳለች፤ “ካውያ ያቃጥላል፣ ማንኪያ ያጎርሳል!” አንዷ መራጭ ከሁለቱም ወገን ሻምፑ ተቀብላ ለሁለቱም ቃል ገባች። እኔ መኪና ውስጥ ማዳምን እየጠበቅኩ መልእክቶቹን ስሰማ ብቻዬን አጨበጭባለሁ። የጎረቤት ሾፌሮች ፀሐይ መታው አሉ። ዘይነባ አንድም ቅስቀሳ አልላከችም። መራጭዋ እሷ፣ ተመራጭዋ እሷ፤ ማንን ትቀስቅስ? በመስተዋት ፊት ካልሆነ።

የምርጫው ዓርብ ደረሰ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘይነባ ከሁሉ ቀድማ መጥታ እጅጌዬን ያዘች።

“ቲቸር፣ ማዳም የዕረፍት ቀኔን ወደ ሐሙስ ከሰዓት አዛውራዋለች። ከዛሬ ወዲያ ዓርብ መምጣት አልችልም። የመጨረሻዬ ነው።”

አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እኔ በዚያ ሰዓት የድምፅ መስጫ ሣጥን የሚሆን ካርቶን እየቀደድኩ ነበር። “ከምርጫው በኋላ እናወራለን፣ ወረፋሽን ያዢ!” ብዬ ወደ ሰልፉ ገፋኋት።

ምስጢራዊ ድምፅ መስጫ ክፍል የሚሆን ስለሌለን ቁም ሣጥኑን ተጠቀምን። መራጭ በአንደኛው በር ትገባለች፣ በስልኳ መብራት ምልክት ታደርጋለች፣ ትወጣለች። ሁሉም በሥርዓት ሄደ ማለት እወድ ነበር። አንዷ ገብታ ስትቆይ በሩን ብናንኳኳ ለሁለት ወር የፈለገችውን ሻርፕ አግኝታ እየለበሰች ነው። ሻርፑ የኔ ነው የምትል ሌላ መራጭ ተነሣችና ቁም ሣጥኑ ውስጥ ክርክር ተጀመረ። የምርጫ ክርክር ያልነው እሱን ነው።

ድምፅ የሰጠ ሰው ጣቱ ላይ ቀለም ይቀባል አይደል? ቀለም አልነበረንም። ወይንሸት ከቦርሳዋ ሂና አወጣች። “አይለቅም፣ ቲቸር፤ ማጭበርበር የለም!” እኔም እንዴት እንደሚቀባ ለማሳየት መጀመሪያ የራሴን የግራ አውራ ጣት እስከ አንጓው ነከርኩ። ከእኔ በኋላ ሃያ አንድ አውራ ጣት ቀላ። ያን ጊዜ ከመካከላችን አንድም ሰው፣ ሂና ለሠርግ የምትነከረው የወሎ ሴት እንኳ፣ ይህ ነገር ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል አላሰበም። ደስታ ዓይን ይጋርዳል።

ቆጠራ! ካርቶኑን ምንጣፉ ላይ ገለበጥኩ። ካውያ አሥራ ሦስት፣ ማንኪያ ሰባት፣ ባልዲ አንድ። አስካለ ተነሥታ መጨፈር ጀመረች።

“ተቀመጪ” አልኳት። “ወንበር ነው የሚቆጠረው።”

አርዲያ ዘጠኙም ካውያ፤ አንድ ወንበር። ጃብሪያ ካውያ፤ ሁለት። ፋሐሂልና ሳልሚያ ማንኪያ፤ እሱም ሁለት። ጃህራ፣ በአንድ ሙሉ ድምፅ፣ ባልዲ። ከአምስት ወንበር ሦስት ያገኘ የለም።

“ቲቸር፣ አሥራ ሦስት ሰው መርጦኝ ከሰባቷ ጋር እኩል ነሽ ነው የሚሉኝ?”

“በትክክል!” አልኩ በደስታ እየዘለልኩ። “ገባሽ! ትምህርቱ ይሄ ነው!”

“ይሄ ትምህርት አይደለም፣ ቅሚያ ነው!” የአርዲያ ሴቶች ተነሡ። ጆንያው ላይ ወጣሁ። ስለ ጥምር መንግሥት አስረዳሁ፤ ሦስተኛዋን ወንበር ያግባባ ይገዛል አልኩ። በዚህ ጊዜ ሃያ ራሶች በአንድነት ወደ ፍሪጁ ጎን ዞሩ። ዘይነባ ነጠላ ጫማዋን እያደረገች ነበር፤ ሳይታወቅባት ልትወጣ።

አስካለ ሮጣ ክንዷን ያዘች። “ዘይነባዬ፣ እህቴ፣ የትምህርት ሚኒስትር አደርግሻለሁ!”

“ሐሙስስ?” አለች ዘይነባ።

ወይንሸት በሌላው ክንድ መጣች። “የኔ ቆንጆ፣ የባሕርና የዓሣ ሚኒስትር! ፋሐሂል ከእግርሽ ሥር ናት!”

“ሹመቱ ይቆየኝ። ሐሙስስ?”

“ሐሙስ ምን ሆነ?” አሉ ሁለቱም።

ነገረቻቸው። ዕረፍቷ እንደተዛወረ፣ ከእንግዲህ እንደማትመጣ። “አንድ ቤት ነው የቀረኝ” አለች፣ ፍሪጁ ላይ ከምርጫው በታች ያልጠፋውን “ወ” እያየች። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ዘይነባ ተናገረች፣ እኛም ሰማን። ጠዋት ነግራኝ እኔ ያልሰማሁትን ነው።

አስካለ ግን ፖለቲከኛ ናት። “ቲቸር ሐሙስ ሐሙስ ጃህራ መጥቶ ያስተምርሻል!”

“የቱ ቲቸር?” አልኩ።

“በአባቴ አጥንት ብለው የማሉት!”

ሐሙስ ከሰዓት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቤተሰቡ ወደ ባሕር ቤታቸው ይሄዳል፣ ልጃቸው ይነዳል፣ እኔ እተኛለሁ። እንቅልፍ ብቻ አይደለም፤ በዓል ነው። መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልክ አጥፍቼ፣ አፌን ከፍቼ የማከብረው።

“እኛ ሐሙስም ማክሰኞም እንሰጥሻለን!” አለች ወይንሸት።

“እኛ ሐሙስ፣ ማክሰኞና እሑድ!”

“ጠዋትም ማታም!”

በአራት ደቂቃ ውስጥ ሰባቱም ቀኖቼ ለድርድር ቀረቡ። ስምንተኛ ቀን ቢፈጠር እሱንም ያስይዙ ነበር። መንግሥት ሲመሠረት ዜጋ ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህን በአሥራ አንድ ዓመት አላስተማርኩም።

“አንድ ሐሙስ ይበቃኛል” አለች ዘይነባ። “ግን ሁለታችሁም ሰጣችሁኝ። ማንኛችሁን ልያዝ?”

“ከወይንሸት ሥር ከምሆን ዕረፍቴን ትቼ ከማዳሜ ጋር ብውል ይሻለኛል” አለች አስካለ።

“እኔስ ከአንቺ ሥር ከምሆን!” አለች ወይንሸት።

ከበሩ ዘንድ፣ ሻርፑን ያሸነፈችው ልጅ፣ “ታዲያ ራሷ ዘይነባ ትሁና!” አለች። ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ከጆንያው ዘልዬ ወረድኩ። “ሕጉ ይፈቅዳል! የምክር ቤቱ አባል ናት!” አምስት እጅ ወጣ። የአንዱ እጅ ባለቤት ዘይነባ ነበረች፤ አንዴ መምረጥ ስለለመደች።

እንዲህ ሆኖ፣ በሕዝብ ዘንድ አንድ ድምፅ ያገኘች፣ እሱንም ራሷ የሰጠችው ሴት፣ አሥራ ሦስቱንና ሰባቱን አልፋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። የመጀመሪያ አዋጇን ቆማ አወጣች፤ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ትምህርት፣ በወር አንድ ዓርብ ባሕር፣ ሐሙስ ቲቸር ወደ ጃህራ። አስካለ ከቁም ሣጥኑ ነጭ አንሶላ አውጥታ እንደ ካባ ደረበችላት። ከዚያ እልልታው! ሃያ ሴት በአንዲት ክፍል እልል ስትል ሕንፃው ይነቃል።

በሩ ተንኳኳ። ግብፃዊው የሕንፃ ጠባቂ ነው። ገብቶ አየ። መካከል ላይ ነጭ የለበሰች ሴት። ዙሪያዋን ሂና የተቀቡ ሴቶች። አጠገቧ አንድ ወንድ፣ ብቸኛው ወንድ፣ አውራ ጣቱ እስከ አንጓው የቀላ።

ፊቱ እንደ ጨረቃ በራ። “መብሩክ! መብሩክ!”፣ እንኳን ደስ አላችሁ ሙሽሮች፣ እያለ አቀፈኝ።

ላስረዳው ሞከርኩ። ግን የእኔ ዐረብኛ የመንገድና የጎማ ዐረብኛ ነው፤ ጥምር መንግሥትን በጎማ ቋንቋ ማስረዳት አልቻልኩም። ሰውየው ወርዶ አንድ ካርቶን ጭማቂ ተሸክሞ ተመለሰ። ጭማቂ ይዞ ለመጣ ሰው ስለ ፓርላማ ማውራት ነውር ነው። ጠጣን።

ወይንሸት ፎቶ አንስታ ግሩፑ ላይ ለጠፈች። እኔ ከአባሲያ ጃብሪያ ሳልደርስ ፎቶው ደሴ ደረሰ። ባለቤቴ ደወለች።

“እንኳን ደስ አለህ።”

“ለምኑ?”

“አውራ ጣትህ አምሮበታል።”

“ኧረ ምርጫ ነው!”

“አየኋት፣ የመረጥካትን። ነጭ ይሄድባታል።”

“እሷ እኮ ጠቅላይ ሚኒስትራችን ናት!”

ድምፅዋ ቀዘቀዘ። ባለቤቴ ስትቀዘቅዝ ደሴ ይበርዳል። “እኔስ ምን ሆንኩ? ተቃዋሚ?”

ሁለት ሰዓት አስረዳሁ። የምርጫ ክልሉን፣ ወንበሩን፣ ቁም ሣጥኑን። ቁም ሣጥኑን ባልነገርኳት ይሻል ነበር። መጨረሻ ላይ የዘይነባን ልጅና የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ስነግራት ድምፅዋ ለሰስ አለ። “ሂድና አስተምራት” አለች። “ግን እኔ በቪዲዮ አያለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ያለ ታዛቢ የሚደረግ ነገር አልወድም።”

ሐሙስ ሐሙስ በአውቶቡስ ጃህራ እሄዳለሁ። የሰፈሩ ገበያ፣ ጀምዒያ የሚሉት፣ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት። በአንደኛው ጫፍ ዘይነባ ከነደብተሯ፣ በሌላኛው እኔ ከነማዛጋቴ፣ መካከላችን የውኃ ጠርሙስ የተደገፈ ስልክ፤ ስልኩ ውስጥ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች። “ቀስ በል፣ አታጣድፋት!” ትለኛለች። “ዘይነባ፣ እሱን አትስሚው፣ ‘ዘ’ እግሯን አይደለም ወገቧን ነው የምታስሪያት!” በሁለተኛው ሐሙስ ዘይነባ ስሟን ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ ታዛቢዋ አስተማሪ ሆነች፣ እኔ አውቶቡስ የሚሳፈር ጠመኔ ሆንኩ። ሁለት ጊዜ ዛሬስ አልሄድም ብዬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የቀሰቀሰችኝ ባለቤቴ ናት።

በስምንተኛው ሐሙስ፣ እያነበብን ሳለ፣ ከሀያት ፎቶ መጣ። የደብተር ገጽ ነው፣ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈበት። ዘይነባ እንደልማዷ ልብ ልትልክ ጣቷን አነሣችና ጣቷ አየር ላይ ቆመ። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

“የ... ቤት... ሥራ... አል... ሠራችም።”

ባለቤቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። እኔ ማዛጋቴን ዋጥኩ። ዘይነባ በሂና በቀላው ጥፍሯ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገች ጻፈች። አንድ ሙሉ ቤተሰብ ገበያ ገብቶ ሸምቶ ወጣ፤ እሷ ገና ናት። በመጨረሻ ላከችው። “ለምን አልሠራሽም?”

ከዚያ መልስ መጣ። ዘይነባ ማንንም ሳትጠይቅ አነበበችው። “እማ... ማን... አነበበልሽ?”

ቀና ብላ አየችኝ። አልረዳኋትም። ጎንበስ ብላ ሁለት ፊደል ጻፈች።

“እኔ።”

ባለቤቴ ከደሴ እልልታውን ለቀቀችው! ስልኩ ከጠርሙሱ ላይ ወደቀ። ጋሪ እየገፋ ይወጣ የነበረ አንድ ሽማግሌ ኩዌታዊ ቆሞ ዞረ። ዕንባዋን የምትጠርገውን ሴት አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ የሁለታችንንም ገና ያልለቀቀ ቀይ የአውራ ጣት ጥፍር አየ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ “መብሩክ!” አለን።

ላስረዳው አፌን ከፈትኩ። ወለሉ ላይ የወደቀው ስልክ ቀደመኝ።

“አሜን በለው!” አለች ባለቤቴ።